አባባ በፊት ለፊት በር ወጡ

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለኸው ለወንድሜ ለጋስፓሬ፤

እንዴት ነህ? የኩላሊትህ ጠጠር ነገር ከምን ደረሰ? ማርጋሬትስ፣ ልጆቹስ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ እዚህ በሙቀት ስንቀቀል እናንተ ጋ አሁን ብርድ ነው አሉ፤ ደረትህን ሸፍን። እማማ ጥቁራቸውን ለብሰው ትንሽ ትንሽ እህል መቅመስ ጀምረዋል። እኔም ደህና ነኝ፣ ከንዴቴ በቀር።

ባለፈው እሑድ ደውለህ "አዋረድሽን፤ የአባባን ሬሳ የቱሪስት መሳቂያ አደረግሽው" ስትለኝ ስልኩን ዘጋሁብህ። ቤኔዴቶ ቀድሞኝ እንደነገረህ ገብቶኛል። አብሮ አደግህ ስለሆነ አመንከው። እንግዲህ አሁን ደግሞ እኔን ስማኝ።

አባባ ያረፉት ከተማው በእንግዳ ሊፈነዳ በደረሰበት በኦገስት አጋማሽ ነው። የዓሣ አጥማጅ ሬሳ በባሕር ዳሩ መንገድ አልፎ፣ አሮጌው የከተማው በር ላይ ወደ ባሕሩ ዞሮ ተሰናብቶ ወደ ካቴድራሉ እንደሚሄድ ላንተ አልነግርህም። ያ መንገድ ዛሬ ከዳር እስከ ዳር የቤኔዴቶ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ሆኗል። አባባ ባረፉ በማግስቱ ቤኔዴቶ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣና አለቀሰ። እንባው ሳይደርቅ "ክሮቺፊሳ እህቴ፣ ሰውየው ለእኔም አባቴ ናቸው። ግን በጓሮ በኩል ቢወጡ ምን ይመስልሻል? የሬሳ መኪናው እዚያው ይጠብቃችኋል። ሰው ሬሳ እያየ እንዴት ምሳ ይበላል?" አለኝ። "ሳህን ላይ የምታቀርብላቸው ዓሣ በሕይወት አለ እንዴ?" አልኩት። አባባ ዕድሜ ልካቸውን የገቡበትን በር ትተው እንደ ጥራጊ በጓሮ አይወጡም ብዬ አሰናበትኩት።

ሣጥኑ ሲነሣ የፊት ቀኙ የበኩር ልጅ ቦታ ነው፤ ያንተ። አውሮፕላን እንዳልደረሰልህ ስለማውቅ በዚህ አልወቅስህም። የአጎታችን ልጅ ሊገባበት ሲል ቀደምኩትና ትከሻዬን ሰጠሁ። ቀብር አስፈጻሚው "ሴት አትሸከምም!" ብሎ ተንጨረጨረ። እማማ "ልጃቸው ናት፤ አንተ ምን ቤት ነህ?" አሉት።

ቤኔዴቶ አንድም ጠረጴዛ አላነሣም። ሰዉ ፓስታውን በሹካ እየጠቀለለ ሳለ ደረስንና መንገድ አጥተን ቆምን። እሱ ላብ አጥምቆት በእጁ ወደ ጓሮ ይጠቁመናል። እኔም ጮክ ብዬ "ቤኔዴቶ! አባባ መጥተዋል፤ መንገድ ልቀቅላቸው! ካልሆነ እስኪመሽ እዚሁ ቆመናል!" አልኩት። አንድ ፊቱ በፀሐይ የቀላ ቱሪስት የበዓል ሰልፍ መስሎት ካሜራውን ሲያነሣ፣ እማማ ጠጋ ብለው እጁን ቀስ አድርገው ዝቅ አደረጉት። ሰውየው ሣጥኑን አየ፣ እማማን አየ። ከዚያ ብድግ ብሎ ጠረጴዛውን ከነወይን ጠርሙሱ ወደ ግድግዳው አስጠጋው። ሌሎቹም ተከተሉት። ሁሉም ሳህናቸውን እንደያዙ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። መሳቂያ ያልከው ይህን ነው። ማንም አልሳቀም ጋስፓሬ።

የቤኔዴቶ እናት አጋታ ከፎቅ በከዘራቸው ወርደው ልጃቸውን ገፋ አደረጉና፣ ድሮ ለሟች እንደሚደረገው፣ የምግብ ቤቱን የብረት መዝጊያ እስከ ግማሽ ሳቡት። ባላቸው ከአባባ ጋር በአንድ ጀልባ ስንት ዘመን እንደሠሩ ልጁ ቢረሳ እሳቸው አልረሱም። ያን ጊዜ ከዚህም ከዚያም ለአባባ የክብር መሰናበቻ ጭብጨባው ቀለጠ። እኛም አልፈን አባባን ወደ ባሕሩ አዞርናቸው።

ውርደት ማለት ይህ ከሆነ፣ ደግሜ አዋርድሃለሁ። እማማ ከቀብር ስንመለስ "እኔንም በዚሁ መንገድ" ብለውኛል። ዕድሜ ይስጣቸውና ቀናቸው ሲደርስ፣ ወሩ ኦገስትም ይሁን፣ ሰዓቱ የምሳም ይሁን፣ በዚያው እናልፋለን። የፊት ቀኙ ያንተ ነው፤ መጥተህ ያዘው። ካልመጣህ ግን የእኔ ትከሻ መንገዱን ያውቀዋል።

ለማርጋሬት፣ ለትልቋ ለሮዛሊያ፣ ለትንሹም ለቶም ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማማ ሁላችሁንም ስመዋችኋል። ቤኔዴቶ ሲደውልልህም እናቱን አደራ በልልኝ።

እህትህ ክሮቺፊሳ
ቼፋሉ፣ ኦገስት 24 ቀን 1996