የኋላ በሩ ጠረጴዛ

ሰኔ 9 ቀን

ይድረስ ለመቃዬ፣

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ጥፋተኛው አባትሽ ነው።

እስከ ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ እሱ ነበር። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የምለውን እላለሁ፣ እሱ የመረጠውን ይጽፋል። «ምነው ቀረሽ በላት» ስለው «ሁላችንም ደህና ነን» ብሎ ያሰፍራል። በስተርጅና ማታ ማታ ፊደል የቆጠርኩት በዚሁ እልህ ነው። ይኸው አሁን ራሴ ጻፍኩልሽ።

ጂፑን ታውቂዋለሽ፤ ለሥራ ከአገር ስትወጪ የዛገ ቆርቆሮ ነበር። አባትሽ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደ ሙሽራ ያሰማምረው ጀመር። ከሥሩ የሚሸከመውን ባሌስትራ ቀይሮ ከፍ አደረገው፣ ወፋፍራም ጎማ አስገባለት፣ ከፊቱ ጭቃ ሲይዘው ራሱን የሚጎትትበት ዊንች አስገጠመ። ጣሪያው ላይ ባለው ዕቃ መጫኛ፣ በፖርቶ መጋላው ላይ የሚዘረጋውን ድንኳን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ሸራው መርፌ አላሳልፍ እያለ ጣቴን አደማው። ብልጭታ የምንለው ጎረቤታችን በያጁ «ጋሼ፣ እንግዲህ የቀረው ክንፍ ነው» እያለ ይቀልድበት ነበር።

በመጨረሻ የኋላ በሩ ላይ የሚታጠፍ የማብሰያ ጠረጴዛ አሠራ። ሐይቁ ዳር ወጥተን ስዘረጋው ደረቴ ሥር ደረሰ። ቡታጋዙ ላይ ድስት ሲጣድ አፉ ካገጬ እኩል ሆነ።

«ይሄ ለማን ቁመት ነው የተሠራው?» አልኩት።

መኪናው ከፍ ስላለ ነው አለና ጀሪካን ገልብጦ አቆመልኝ። ከዚያ በኋላ በወጣን ቁጥር ጀሪካን ላይ ወጥቼ አበሰልኩ። ሆዴ ግን ሻከረ። አንዲት ረጅም ሴት አለች አልኩ በልቤ። ድንኳኑ ውስጥ ጀርባዬን ሰጥቼው መተኛት ጀመርኩ። ታሞ በተኛ ጊዜ እንኳ ውሃ ሲለምነኝ ብርጭቆውን ራስጌው አስቀምጬ እወጣ ነበር እንጂ በእጁ አልሰጠሁትም። እንደዚያ ሆነን ሞት ለያየን።

ሰሞኑን ብልጭታና ሚስቱ «ቤት ውስጥ ታፍነው አይቀመጡ» ብለው በጂፑ ሐይቁ ዳር ሊወስዱኝ ተነሡ። እንግዲያው መጀመሪያ ጠረጴዛውን በቁመቴ ልክ አውርድልኝ አልኩት። ቡሎኑን እየፈታ ሳቅ አለ።

«ጋሼ ሲያሠሩኝ እጃቸውን ጆሯቸው ጋ አድርገው፣ ‹መቃዬ እዚህ ትደርሳለች፤ ስትመጣ ጎንበስ ብላ እንዳታበስል› አሉኝ። ‹ለእናቷ ግን እንዳትነግር። ትመጣለች ብላ ጠብቃ ልጅቷ ከቀረች ሁለት ሐዘን ይሆንባታል።›»

ያን ሁሉ ጉልበት ያፈሰሰው ላንቺ ነበር። ተስፋ እንዳይጎዳኝ ብሎ ቅናት አስጎነጨኝ። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ውሃውን በእጄ አጠጣው ነበር። ይህንን በምን ልቤ ይቅር እለዋለሁ?

አንቺም ለቀብሩ አልመጣሽም። ከሥራ አይለቁኝም አልሽ። እሺ።

ብልጭታ ጠረጴዛውን እስከ ወገቤ ድረስ አውርዶ አሰረው። ባዶ የቀሩትን የላይኞቹን የቡሎን ቀዳዳዎች እያሳየኝ «ልድፈናቸው እማማ?» ቢለኝ እጁን ከቀዳዳዎቹ ላይ መለስኩት። ሳይደፍናቸው ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ባለሽበት ክፉ አይንካሽ። ወገብሽ አይጉበጥ። እኔ ግን ከእንግዲህ ጀሪካን ላይ አልቆምም።

አጭሯ እናትሽ