ሲስተር የሺሀረግን ለምዘና ስለጠሩባት ዕለት

ለተከበሩ የወረዳችን የአፈጻጸም ምዘና አስተባባሪ፣

ከሐይቅ ማዶ ካለችው ቀበሌያችን የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ባመመዎት ጊዜ ደሴ ሐኪም ቤት የምታደርስዎ መኪናም ደኅና እንድትሆኑ ዱዓዬ ነው። እኔ የአሪፋ ባል ሰላሀዲን ነኝ። በአደባባይ የምጽፈው ምስጋናዬ ከቢሮዎ በር ላይ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስላመጡልን ውጤት ተኮር ምዘና አመሰግናለሁ። በጦርነቱ ጤና ጣቢያችን እስከ አልጋው ሲዘረፍ፣ እርስዎም በጊዜ ሲሸሹ፣ አዋላጇ ሲስተር የሺሀረግ ከእኛ ጋር ቀርታ ቤት ለቤት እየዞረች ሴቶቻችንን ስታዋልድ ከረመች። ሰላም ሲሆን ተመለሱና በነዚያ ወራት ሪፖርት አልላከችም ብለው «ዝቅተኛ ፈጻሚ» አሏት። መንገዱን የያዙት ታጣቂዎች ፖስታ እንደማያደርሱ ሳይነገርዎ ቀርቶ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ውጤቷ እንድታስረዳ ወረዳ ድረስ ስለጠሯት። በዚያው ጠዋት አሪፋን ምጥ ያዛት። አምቡላንስ ጠርተን ብንጠብቅ ስላልመጣ፣ በቃሬዛ ተሸክመን ጤና ጣቢያ ብንደርስ የማዋለጃው ክፍል ተቆልፏል። ስደውልላት ሲስተር እያለቀሰች፣ «ወንድሜ፣ ልውጣ ብላቸው ምዘናው ሳያልቅ የወጣ ይታገዳል አሉኝ» አለችኝ። ቆይታ ግን መታገዱን መርጣ በባጃጅ እየከነፈች መጣች። በሩን እስክትከፍት ጊዜ አልነበረም፤ እዚያው ግቢው ውስጥ፣ ሣሩ ላይ አዋለደቻት። አሪፋን አተረፈቻት። ልጃችን ግን ሳያለቅስ ተወለደ።

ጀናዛውን ቀብሬ ስመለስ ሲስተር ደጃፌ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝና «ማረኝ» አለችኝ። እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። እርስዎ በማግስቱ አገዷት፤ ቃልዎን ስለሚጠብቁ አደንቅዎታለሁ።

ሦስተኛ፣ በቅርቡ ጤና ጣቢያው ሰሌዳ ላይ «በማዋለጃ ክፍል ሞቶ የተወለደ፦ የለም» የሚል በአረንጓዴ ቀለም ተጽፎ አየሁ። ትክክል ነው። ልጄ የተወለደው ከክፍሉ ውጭ ነው።

ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
ለልጁ ስም ለማውጣት ጊዜ ያላገኘው አባት
ሰላሀዲን

ማስታወሻ፦ ከዞኑ አንደኛ ወጥታችሁ ዋንጫ ልትቀበሉ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ አለዎ። ስትመለሱ በእኛ ደጅ ክላክስ ባታሰሙ ትልቅ ውለታ ነው። አሪፋ ክላክስ በሰማች ቁጥር አምቡላንስ መጣልኝ ብላ ሆዷን ይዛ ትነሣለች።