ብርሃን ልታይ የመጣችው ቪግዲስ

ኖቬምበር 9

የሁለቱንም የእንግዳ ጎጆዎች አንሶላ አጠብኩ። ውጭ ማስጣት አይታሰብም፣ ንፋሱ ወስዶ ባሕር ውስጥ ይከትልኛል። ባሌ ቶርጌር ጀልባው ላይ ነው፤ ሞተሩን ፈታትቶ እንደ ልማዱ ይሳደባል።

ከሰዓት በኋላ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። አንድ መልእክት። "በክረምቱ ለአምስት ምሽት አንዱን ጎጆ እፈልጋለሁ። የሰሜኑን ብርሃን ለማየት ነው። ብቻዬን ነኝ። የትኛው ሳምንት ይሻላል?" ከታች ስሟ። ቪግዲስ፣ ከበርገን።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እሷ ናት? እሷ ናት።

ኖቬምበር 10

ለጎረቤቴ ለገርድ ነገርኳት። ደሴቱ ላይ እሷ የማታውቀው ነገር የለም።

"ያቺ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ልትሠራ መጥታ ክረምቱን ሙሉ ከባልሽ ጋር ያበደችው?"

ያበደችው! ገርድ አላቆመችም፦ "ሊያገባት አልነበር እንዴ? ቀለበት ሁሉ..."

"ቀለበት የለም" አልኳት።

"እሺ፣ ቀለበት የለም" አለችና ሳቀች። ክፉ።

ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖታል እኮ። ያኔ የሠራችለትን ሹራብ በተጋባን በዓመቱ ቀዳድጄ የሞተር መወልወያ አድርጌዋለሁ። የት ገባ ብሎ አልጠየቀም። አለመጠየቁ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እራት ላይ ነገርኩት። "ቪግዲስ?" አለና ሹካውን አስቀመጠ። "ባሏ ሞቷል ሲሉ ሰምቻለሁ።" ከማን ሰማህ? አልጠየቅኩትም። "ያው እንግዳ ናት፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ" አለኝ። እንግዲያው ሹካውን ምን አስቀመጠው?

ኖቬምበር 13

ጎጆው ተይዟል ብላት ፈራች ይሉኛል። ትምጣ። ሳምንቱን ግን የምመርጠው እኔ ነኝ።

የፌብሩዋሪ መጨረሻ። ያን ጊዜ ትልቁ ዓሣ ከሰሜን ይገባል። ቶርጌር ገና ሳይነጋ ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል፣ ሾርባውን ሳይጨርስ ሶፋው ላይ ያንኮራፋል። ጢሙ ላይ ቅርፊት፣ ልብሱ የዓሣ ጉበት ጉበት እየሸተተ። እንዲያ ሆኖ ትየው!

"ለብርሃኑ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ የሚሻል የለም" ብዬ ጻፍኩላት። ውሸትም አይደለም፣ ሰማዩ ያን ጊዜ ይጠራል። አረንጓዴው ብርሃን ማታ ሰማዩ ላይ ሲወጣ በመጥረጊያ እንጨት የጎጆሽን ግድግዳ አንኳኳልሻለሁ አልኳት። ለእንግዶቼ ሁሉ የማደርገው ነው።

ዲሴምበር 4

ጥያቄዋ አያልቅም። ምን ዓይነት ጫማ? ስንት ሹራብ? ንፋስ ከበረታ መርከቡ ይቀራል ወይ? ዛሬ ደግሞ ደወለች። ቶርጌር አነሳው። ሃያ ደቂቃ! ስለ ጫማ ሃያ ደቂቃ ምን ይወራል? "የሱፍ ካልሲ ደርቢ" ሲላት ሰማሁ። ከዚያ ሳቀ። ከእኔ ጋር እንዲህ የሳቀው መቼ ነው?...

ድስቱን ስፈትግ ሊበሳ ምንም አልቀረው።

ጃንዋሪ 26

ዓሣው ገባ። አንድ ወር ቀድሞ! እንዲህ በብዛት አይተን አናውቅም ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ቶርጌር ጀልባው ሊሰምጥ እስኪደርስ ጭኖ ገባ፣ እየዘፈነ። እኔም ደስ ብሎኛል። ግን የሆነ ነገር ቅር ይለኛል። ምንድን ነው?

ፌብሩዋሪ 16

አሁን ገባኝ። ኮታው ሞላ። ለክረምቱ የተፈቀደለትን ዓሣ በሦስት ሳምንት አጥምዶ ጨረሰ! ጀልባውን አሰረና "በቃ፣ እስከ ፋሲካ ነፃ ነኝ" ብሎ እግሩን ዘረጋ።

ሠላሳ ዓመት የዓሣ አጥማጅ ሚስት ሆኜ ይህን አላሰብኩም። ዓሣው ቀድሞ ከገባ ወንዱም ቀድሞ ቤት ይገባል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ፌብሩዋሪ 22

ፀጉሩን ተቆረጠ። "እንዲሁ ነው" አለ። እንዲሁ!

ፌብሩዋሪ 23

መጣች። ሽበቷን ቀለም አልነካውም፣ ወገቧም እንደ ልጅ ነው። ቆንጆ ናት። ምን ይደረግ፣ ቆንጆ ናት። ቶርጌር ሻንጣዋን ተሻምቶ ተሸከመ፤ የእኔን የገበያ ቦርሳ ተሸክሞ አያውቅም።

ለምሳ ዓሣ ከጉበቱና ከእንቁላሉ ጋር ቀቀልኩ። "ይህን ጣዕም አልረሳሁትም" አለች፣ እሱን እያየች። ወይስ ዓሣውን ነው ያየችው? እሱም አቀርቅሮ ድንቹን ይልጣል፣ ጆሮው ቀልቷል።

"ትንሽ ጋደም ልበል። ብርሃኑ ከወጣ አንኳኪልኝ፣ አደራ" ብላኝ ወደ ጎጆዋ ሄደች።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ወጣ። አረንጓዴው ከተራራው ጀርባ ተነስቶ ሰማዩን ሞላው፣ ጫፉ ወይን ጠጅ፣ በረዶው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። እዚህ ተወልጄ እንዲህ ያለ ያየሁት ሁለቴ ብቻ ነው። ቶርጌር ገርድ ቤት በረዶ የያዘውን ቧንቧ ሊያቀልጥ ሄዷል። መጥረጊያዬን ይዤ ጎጆዋ ጋ ደረስኩ። እንጨቱን አነሳሁ። ያ የምሳው አስተያየቷ ትዝ አለኝ... አወረድኩት።

ሩብ ሰዓት ቆይቶ ጠፋ። እሰይ አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እሰይ ነው ያልኩት።

ፌብሩዋሪ 24

ገርድ ጠዋት በሩን እንኳ ሳትዘጋ "የትናንቱን ጉድ አያችሁ?" ብላ ገባች። ቶርጌር ወደ እኔ ዞረ።

"አላንኳኳሽላትም?"

"አላየሁትም። ዕቃ እያጠብኩ ነበር።"

ቪግዲስ ዳቦዋን ቅቤ እየቀባች "እኔም እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር፣ ግድ የለም" አለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

ሰማዩን ደመና ዘጋው። "ማታ አብሬያት እጠብቃለሁ" አለ ቶርጌር። "ትከሻህን ብርድ አይስማማውም" ብዬ ራሴ ወጣሁ። ብቻቸውን? ምን ሲደረግ!

ፌብሩዋሪ 26

አሁንም ደመና። ሦስተኛ ምሽት ነው አጠገቧ ስቀመጥ፣ በአንድ ብርድ ልብስ፣ ጎጆው ደጃፍ። ባሏ ሳይሞት ሁለት ዓመት መናገር ተስኖት ነበር። በማንኪያ ስታጎርሰው እጇን ይስም ነበር አለችኝ። እኔም እናቴ ስትሞት የሆነውን፣ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። ለምን ነገርኳት?

ከዚያ ድንገት "ቶርጌር ያኔም ያንኮራፋ ነበር" አለች።

ደሜ ፈላ። ወዲያው ግን ሳቅ አፈነኝ። "አሁንማ ብሶበታል" አልኳት። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ቶርጌር መስኮት ከፍቶ "ምንድን ነው?" አለ። "አይመለከትህም!" አልነው አብረን።

ፌብሩዋሪ 28

ሄደች። ደመናው እስከ መጨረሻው አልተገለጠም። ወደብ ላይ ለቶርጌር እጇን ሰጠችው፣ እኔን ግን አቀፈችኝ። አጥብቃ። የቀናሁባት ሴት አቀፈችኝ፤ እኔ ግን ብርሃኗን ደብቄያታለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማርች 5

ጻፍኩላት። በወረቀት፣ በእጄ። "አይቼው ነበር። መጥረጊያውን አንስቼ መልሼ አወረድኩት። ቀንቼብሽ ነው።" ፖስታ ቤት አደረስኩት።

ማርች 14

መልሷ መጣ።

"ኦድኒ፣ አልተኛሁም ነበር። መጋረጃው ጋ ቆሜ ብርሃኑንም አየሁ፣ አንቺንም አየሁ። መጥረጊያሽን ስታነሺም ስታወርጂም። እኔም እንደዚያው ነበር የማደርገው። እውነቱን ልንገርሽ፣ የመጣሁት ብርሃን ፍለጋ አልነበረም። ቶርጌርን ላየው ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። እንጨቱን ስታወርጂ ሐሳቤን እንዳወቅሽብኝ ገባኝ፣ አፈርኩ። በማግስቱ ልሄድ ነበር። አንቺ ግን ብርድ ልብስ ይዘሽ መጣሽና አጠገቤ ተቀመጥሽ። ሁለተኛው ምሽት ላይ እሱን ማሰብ ተውኩ። የሚቀጥለው ክረምት ልምጣ?"

ያኔ በከንቱ አልቀናሁም! ልክ ነበርኩ! ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ።

ቶርጌር ገብቶ ፖስታውን አየ።

"ከቪግዲስ ነው? ምን ትላለች?"

"ለእኔ ነው የጻፈችው።"

"ለእኔ ሰላምታ የለም?"

እንደገና ገለጥ አድርጌ አየሁለት። እውነትም የለም። "የለም" አልኩት። "የሚቀጥለው ክረምት ትመጣለች፣ እኔ ጋ።"

"እኛ ጋ ማለትሽ ነው።"

"እኔ ጋ አልኩህ።"

እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ። አሁን ሶፋው ላይ ተጋድሟል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። አያንኮራፋም። "እናንተ ሁለታችሁ ግን ምንድን ነው የምታወሩት?" ሲለኝ ይህ ሦስተኛው ነው።

እሱም ቅናትን ትንሽ ይቅመሳት።