ትሕትና የከፈተችው በር

ለክቡር የሰሜን ክንፍ አየር መንገድ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ ከቢሮዎ ደጃፍ የቆሙት ጥበቃዎችም ጭምር በሙሉ ጤና እንድትሆኑ እመኛለሁ። እኔ የፍኖተ ሰላም ነዋሪና የሲቪል መሐንዲስ፣ ባለፈው ወር ከበረራ አስተናጋጅነት ያሰናበቷት የትሕትና ወንዳወቅ አባት ነኝ።

ለማስታወስ ያህል የሆነውን ባጭሩ ላስቀምጥ። አውሮፕላኑ በቀትር በአየር ላይ ሳለ ትሕትና እንደ መመሪያው ወደ አብራሪዎቹ ክፍል በውስጥ ስልክ ደወለች። ሦስት ጊዜ ብትደጋግምም የመለሰላት አልነበረም። ስለዚህ ለዚሁ ጊዜ የተሰጣትን የአደጋ ጊዜ ቁጥር በሩ ላይ አስገባች፤ ከውስጥ የሚከለክላት ስላልነበረ መቆለፊያው በተወሰነለት ሰከንድ ተለቀቀ። ዋናው አብራሪም ረዳቱም ተኝተው ነበር። የዋናውን ትከሻ ነካ አድርጋ ቀሰቀሰችው። መቶ አራት መንገደኞች በሰላም ወረዱ። እሷ በሳምንቱ ተሰናበተች።

፩. ውሳኔዎ «ያለ ፈቃድ ገብታለች» ይላል። መመሪያችሁን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ ቁጥሩ የተዘጋጀው ውስጥ ያሉት ፈቃድ መስጠት ለማይችሉበት ጊዜ ነው። ከተኛ ሰው ፈቃድ መጠበቅ እንደሚገባ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

፪. «በስልኩ ያልተፈቀደ ቃል ተጠቅማለች» ይላል። ይህ እውነት ነው። በሦስተኛው ጥሪ ደንግጣ «ቤቶች!» ብላለች። በእኛ አገር ሰው ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል ከውስጥ «ደጆች!» ይባላል፤ ደጋግሞ ተጣርቶ ዝም ከተባለ ጎረቤት ገብቶ ያያል። ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ወድቀው የተገኙት እንዲህ ነው፤ ሲሻላቸውም ለምን ገባችሁ ብለው አልከሰሱንም። ኮሚቴዎ ግን ለዚህች አንዲት ቃል አንድ ገጽ ተኩል ሲሰጥ፣ ለሁለቱ ሰዎች እንቅልፍ አንድ መስመር ሰጥቷል፤ እሱንም «የሥራ ጫና» ብሎ አልፎታል።

፫. «ለአለቆቿ ትሕትና ይጐድላታል» ይላል። ትሕትናን ካሰናበቱ በኋላ በድርጅትዎ ትሕትና እንደማይገኝ በማኅተም ስላረጋገጡልን ከልብ እናመሰግናለን።

፬. ይግባኟን ይዘን መጥተን በዋናው መሥሪያ ቤት በር ሁለት ቀን ቆመናል። ለመግባት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ ፈቃዱም የሚሰጠው ውስጥ እንደሆነ በጨዋ ደንብ ተነግሮናል። ለዚህኛው በር የአደጋ ጊዜ ቁጥር አልተበጀለትም።

ክቡርነትዎ፣ የይግባኙ ጊዜ ዐርብ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ውሳኔው ይጸናል፤ በሌላ አየር መንገድም የሚቀጥራት አይኖርም። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። እንድትመልስ የታዘዘችውን የደንብ ልብስ ተኩሳ አጥፋ አስቀምጣለች፤ በየሁለት ቀኑ ዘርግታ እንደገና ትተኩሰዋለች። ይህን ደብዳቤ በቁጣ ልጽፈው ነበር የተቀመጥኩት፤ ቁጣውን ስፈልገው አጣሁት። የምለምንዎ ፋይሏን ከዐርብ በፊት ገልጠው እንዲያነቡት ብቻ ነው።

ለቢሮዎ ጸጥታ፣ ለአጥርዎ ጥንካሬና ለውሳኔዎ ፍጥነት ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ወንዳወቅ ቢሆነኝ
ፍኖተ ሰላም

ማስታወሻ፦ ዋናው አብራሪ ባለፈው እሑድ ለልጄ ደውሎ አመስግኗታል፤ መደወሉን የሚያውቅ ሰው እንዳይኖርም አደራ ብሏታል። ስሙን ያልጻፍኩት ስለዚህ ነው። በማግስቱ ጠዋት በረራ ስለነበረበት ብዙ ሊያወራት አልቻለም።