ከኮሌታው ያልተነሣ እጅ

ሰውን ከአፈር አበጅቶ፣ በወደቀም ጊዜ ዕርቃኑን ያለበሰ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ዛሬ የምንሸኛቸው እኅታችን፣ የሰፈሩ ልጆች «እማማ ጓንት» የሚሏቸው፣ ከአውቶቡስ ሹፌር አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከባቡር ሐዲዱ በታች ባለችው ባለ አንድ መስኮት ቤት ተወለዱ። ተከታያቸው አንድ ወንድም ብቻ ነበር፤ ከቀሚሳቸው ስለማይለይ ቤተሰቡ «ጭራ» አለው።

ገና በሕፃንነታቸው የጎረቤት ልጅ ቢጠፋ፣ ካልሲውን ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑና በደረቀው ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ተናገሩ፤ እንዳሉትም ተገኘ። እናታቸው ነገሩ እንዳይወራ ቢጠነቀቁም የሰው አፍ ክዳን የለውም።

እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው፣ በልብስ ስፌት ሠልጥነው ሱቅ ከፈቱ። የመብራት ሠራተኛ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። በዓመቱ ጨዋ የሚመስሉ ሁለት ሰዎች ሱሪ ለማሳጠር መጡ። ሱሪውን ሊወስዱ አልተመለሱም፤ የወሰዱት እርሳቸውን ነበር።

በመዝገብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የደንብ ልብስ ሰፊ ተባሉ። ሥራቸው ግን መስኮት በሌለው ክፍል፣ አረንጓዴ ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ፊት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የጠፋ ሰው ልብስ እየዳሰሱ ያለበትን መናገር ነበር። በመጀመሪያ ጎርፍ የወሰዳቸውን አገኙ፤ ደስም አላቸው። ኋላ ግን ልብሱ ተቆራርጦ፣ የማን እንደሆነ ሳይነገር ይመጣ ጀመር። ያገኟቸው ሰዎች የት እንደ ደረሱ ሲጠይቁ የመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ ቤታቸው ገብተዋል ይላቸው ነበር። ባለቤታቸው አንድ ቀን አምፖል እየቀየሩ፣ «አንቺ፣ የሚፈለግ ሰው ሁሉ መገኘት የሚፈልግ ይመስልሻል?» አሏቸው። ሥራውን መተው ግን ፈሩ።

መምህር የሆነው ወንድማቸው ከሥራ ማቆም አድማው በኋላ በተሰወረ ጊዜ፣ ያለበትን ላለማወቅ ሲሉ ልብሶቹን ሁሉ ለአሮጌ ልብስ ነጋዴ ሰጡ። ጥንቃቄያቸው ወጥመድ ሆነ፤ ወንድማቸውን የሚፈልጉት ሰዎች ልብሱን ከነጋዴው እጅ ወሰዱት። ብዙም ሳይቆይ ጠረጴዛው ላይ አንድ የኮት ኮሌታ ተቀመጠ። እንደ ልማዳቸው ጨፍነው፣ ሰውየው ከወፍጮ ቤት ጀርባ እንዳለ፣ ጠጉሩ ዱቄት እንደ ለበሰ፣ እንደሚያስለውም ተናገሩ። ሲጨርሱ ጣታቸው ከኮሌታው ሥር ራሳቸው የሰፉትን ድርብ ስፌት አገኘ።

«ተሳስቻለሁ፤ እዚያ አይደለም» አሉ።

ኀላፊው እስክሪብቶውን እየከደነ፣ «አንቺ እኮ ተሳስተሽ አታውቂም» አላቸው።

አባታችን ይስሐቅ ዓይኑ ፈዞ በመዳሰስ ሳተ፤ እኅታችን ግን ባለመሳታቸው አለቀሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓንት አጠለቁ፤ ሥራውንም ሱቁንም ተዉ። ኮሌታውን ግን በብብታቸው ደብቀው አውጥተውት ነበርና፣ በየጠዋቱ ጓንታቸውን አውልቀው ይዳስሱት ነበር። ጭራ በሕይወት ነበረ፤ የሲሚንቶ ወለል፣ የሚንጠባጠብ ውኃ ይሰማቸዋል። ለእናታቸው «ደህና አድሯል» ብቻ ይሏቸዋል። ከዓመታት በኋላ አንድ ጠዋት ኮሌታው ጨርቅ ብቻ ሆነ። እናታቸው እንደ ወትሮው ቢጠይቋቸው፣ «ደህና አድሯል» አሉ። አሮጊቷ እስኪያርፉ ድረስ ቃላቸውን አልለወጡም። እኛም ይህን ከእኅታችን አፍ የሰማነው ባለፈው ወር፣ በሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ሳሉ ነው።

እኅታችን ባለፈው ሐሙስ ንጋት ላይ ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው ቀርተዋል። ቀኝ እጃቸው ኮሌታውን ጨብጦ ስለ ደረቀ ማስለቀቅ አልተቻለም። የጭራ አስከሬን ለቤተሰቡ አልተሰጠምና፣ ዛሬ በአንድ ሣጥን የምንሸኘው ሁለት ሰው ነው።

የልብሱን ጫፍ የነካችውን ሴት ያላሳፈረ ጌታ ይህችን እጅ ይቀበላት፤ ነፍሳቸውንም ከወንድማቸው ጋር በአንድ ማረፊያ ያሳርፍልን። አሜን።