ንግሥቲቱና ባዶው ጓዳ

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፮ ዓ.ም.፣ ጎንደር

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት እንደተመለስሁ፣ የምጽፈውን ተረት ለጎረቤቴ ለእትዬ ጥሩዬ አነበብሁላቸው። እሳቸው ጥጥ ይፈትላሉ። በተረቱ ከአገሯ የተሰደደችው ወጣት ንግሥት ተመልሳ ዙፋኗን ያዘች፤ ብቻዋን ልትገዛ ነው። እዚህ ስደርስ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ምነው፣ ባል የላትም?»

«አያስፈልጋትም።»

«ለሷማ ምን ያደርግላታል! ደጇ ላይ ለሚያንዣብበው ነው እንጂ።»

ገረመኝ። ባላቸው በጣሊያን ጊዜ ከሞቱ ወዲህ አምባ ጊዮርጊስ ያለውን መሬታቸውን ብቻቸውን አሳርሰው፣ ብቻቸውን ተሟግተው የኖሩ ሴት ናቸው። ይህንኑ ብላቸው ሳቁ። በር ሲንኳኳ እስከ ዛሬ ወደ ባዶው ጓዳ ዞረው ሟች ባላቸውን «አያ ወርቁ፣ ሰው መጥቷል!» ብለው ይጣራሉ። ደፍሮ ገብቶ ያየ የለም።

ተናደድሁ። «የኔ ንግሥት ለሞተ ሰው አትጣራም» ብዬ ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ኩራዙን ሳልለኩስ በሩ በኃይል ተንኳኳ። ማነው ከማለቴ በፊት ምላሴ ቀደመኝ።

«አያ ካሳ፣ ሰው መጥቷል!»

አያ ካሳ የሚባል ሰው አላውቅም። የምኖረው ብቻዬን ነው።

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ እትዬ ጥሩዬ ከደጅ። «ነጠላሽን ረስተሽ።»

ከፍቼ ተቀበልኋቸው። ወደ ጓዳው አላዩም። አልሳቁብኝምም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ወረቀቱ አሁን ፊቴ ነው። ንግሥቲቱ ዙፋኗ ላይ ተቀምጣለች፤ በሯ ተንኳኩቷል። ምን እንደምትል መጻፍ አቃተኝ።