አባያ ዳር የሚጮኸው ድንጋይ

ኅዳር 3

«የተጠቀሰው ድንጋይ ተራ መሆኑ ቀደም ሲል በባለሙያ ስለተረጋገጠ አቤቱታዎ ተቀባይነት የለውም።»

የማዕድን ቢሮው መልስ ነው፤ ቃል በቃል ገለበጥኩት። ፈተና ሳርም ነው የደረሰኝ። የትኛው ባለሙያ? መቼ? ስም የለ፣ ቀን የለ... አባያ ዳር ያለውን ድንጋይ በደማሚት አፍርሰው ጠጠር ሊያደርጉት ነው። አቤቱታውን የጻፍኩት ጎረቤቴ አባይነሽ፣ ዓሣ ነጋዴዋ፣ ስለለመነችኝ ነው። ድንጋዩን ራሴ አላየሁትም። ሃያ ዓመት ጂኦሎጂ ያስተማርኩ ሰው!

ኅዳር 6

ከሶዶ በሚኒባስ እስከ ጠበላ። ከዚያ ሞተር። የመጨረሻውን አንድ ሰዓት በእግር። የአባይነሽ ወንድም ቦሼ ተቀበለኝ። ዓሣ አስጋሪ ነው።

አየሁት። ምን ብዬ ልጻፍ? ጥቁር፣ ሦስት ፎቅ የሚያክል፣ እግሩን ሐይቁ ውስጥ የነከረ... ምሰሶ በምሰሶ ተደግፎ፣ እያንዳንዱ ባለ ስድስት ጎን። የጋለ ላቫ ቀዝቅዞ ሲሰነጠቅ እንዲህ ይሆናል። ሰሌዳ ላይ ስንቴ ስየዋለሁ! መዳፌን አሳረፍኩበት።

ቦሼ በመቅዘፊያው እጀታ መታው። ጮኸ... እንደ ደወል፣ ረጅም።

«ዛሬ ግቡ አለች።»

«ማን?»

«እሷ ናታ። ሦስት ልጆቿ ሐይቅ ገብተው ነፋስ መጣ። ተመለሱ እያለች ስትጣራ ድንጋይ ሆና ቀረች። ድምጿ ከታፈነ አንገባም።»

«አንተ ጴንጤ አይደለህም እንዴ?»

«ጌታን አምናለሁ፣ መምህር። ግን ዋና አልችልም።»

ጎንበስ ብዬ ሥሩን አየሁ። ዋሻ አለው። ከማዶ ማዕበል ሲነሳ ውኃው ዋሻውን ይሞላል፤ ያኔ ድምፁ ይታፈናል። ነፋሱ እዚህ ሳይደርስ! እውነቷን ነው... ስንት ትውልድ ከሞት መለሰች?

ኅዳር 9

ቢሮ ሄድኩ። ጮህኩ። የመዝገብ ቤቷ ናጂያ ፋይሉን አወጣች፤ ገልጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምነው?»

«ጋሽ ይስሐቅ... ፊርማው የርስዎ ነው።»

1994። እዚያው ቢሮ ጀማሪ ባለሙያ ሳለሁ። ጨርሶ ረስቼው ኖሯል። «ከመንገድ በተደረገ ምልከታ ተራ ድንጋይ ነው።» ዝናብ ነበር። መኪናው ጭቃ ይይዘዋል ተባለ፣ ተመለስን... የምቆጣው ሰው አጣሁ።

«ልመልሰው ፋይሉን?»

«ኮፒ አድርጊልኝ።»

ኅዳር 10

በእጄ ወስጄ አስገባሁ። ማኅተም አስመታሁ። እንዲህ ይላል፦

«በ1994 ያቀረብኩት ጥናት ስሕተት ነው። ቦታው ድረስ አልሄድኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ፊርማዬን አንስቻለሁ። በእኔ ቃል አንድም ደማሚት እንዳይቀበር። ሥራው መቆሙን እስከ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ።»